ብርቁ ሞስና ተራዋ ወፍ

እህቴ ሙሉ ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። የልጅ ልጄ ክርስትና ስለነበር እንግዶቹ መቀሌ በሚገኘው ቤቴ ተሰብስበዋል። መንገዱና ስልኩ በጦርነቱ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት ስላልተያየን ሁሉም እሷን ለማየት ጓጉቷል፤ እሷም መታየት ትወዳለች። ምሳ ተበልቶ ጠላው መዞር ሲጀምር ማንም ሳይጠይቃት ስለ ልጅነታችን ታወራ ጀመር።

«አባታችን የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር» አለች። «እኔንና ትርሲትን በምን እንዳወዳደረን ታውቃላችሁ? እሷን ብርቅ ሞስ ናት አለ፣ ያ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፤ እኔን ተራ ወፍ። ብርቁን አስቀርቶ ተራውን ለአክስታችን ሰጠ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ስንት ዓመት በር ለበር የኖርን አንዲት ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺማ ተመርጠሻል፣ ትርሲትዬ» አለችኝ። ያየችኝ በሰው ድርሻ የወፈረ ሰው በሚታይበት ዓይን ነው። እኔ ሰሃን ማንሳት ጀመርኩ። የክርስትና ድግስ ነው፤ ቄሱም ተቀምጠዋል፤ ሰሃን ማንሳት ይሻላል።

በማግስቱ ደግሞ ወደ ልጅነት ሰፈራችን፣ ወደ እንዳ ኢየሱስ ካልወሰድሽኝ አለች። ያደግንበት ግቢ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻይ የሚጠጡበት ቤት ሆኗል። ከጀርባው ያለው ድንጋይ ግን አልተነካም። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ውሃ ያንጠባጥባል። ሽታው ያው ነው፤ ትንሽ የብረት፣ ትንሽ የጎመን ቅቅል ውሃ። ሙሉ እጇን ዘርግታ ድንጋዩን ነካችና አለቀሰች። እዚያ የተቀመጡት ተማሪዎች ሰው የሞተባት መስሏቸው መንሾካሾካቸውን አቆሙ። እኔ አላለቀስኩም። ያ ሽታ ለእኔ የሥራ ሽታ ነው። ቢሆንም እሷ ለአክስታችን የተሰጠችበትን ያን ክረምት ከነዝርዝሩ አስታወሰኝ። እሷ በሰው ፊት የነበረውን በራሷ መንገድ ከተናገረች፣ እኔም በራሴ መንገድ ብጽፈው ማንም አይከለክለኝም።

አባባ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። መቀሌ በአስተማሪነት ተመድቦ እናቴን ይዞ መጣ፤ እኔና ሙሉ እዚሁ ተወለድን። ከኮረብታው ሥር አደይ ግደይ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያሉትን ሁሉ እንዲያ ብለን ነው የምንጠራው። ከቤታችን ጀርባ ኮረብታው ተቆርጦ የቀረ የድንጋይ ግድግዳ አለ። በጋውን ደረቅ ነው። ክረምት ሲገባ ከስንጥቁ ውሃ ይወጣል፤ ባልዲ የሚሞላ ግን አይደለም፤ ድንጋዩን ያረጥባል እንጂ። የምንጠጣውም የምናበስልበትም ውሃ ከታች ከመንገዱ ዳር ካለው ቦኖ ነው የሚመጣው። የሚያመጣው ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ዐሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሙሉ በአንድ ዓመት ታንሰኛለች። ያ አንድ ዓመት ለባልዲ ሲሆን ትልቅ ነገር ነበር። ለአዲስ ጫማ ሲሆን ግን እኩያ እንሆናለን።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አባባ ፊቱን ሊታጠብ ከጓሮ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ አንድ ነገር አየ። የመዳፍ ስፋት ያለው አረንጓዴ ነገር ነው፤ ከሩቅ ሲታይ የከፋይ ጨርቅ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ከውስጡ ጸጉር የቀጠኑ ቀይ ዘንጎች ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ እያንዳንዳቸው ቆብ ደፍተዋል። አባባ በሥራ ሱሪው ተንበረከከ።

«ይሄ ሞስ ነው» አለ። «እንዲህ ዓይነቱን ግን የትም አላየሁም።»

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «እዚያ ጉልበትህ ላይ ያለውን ጭቃ ግን አይቼዋለሁ» አለችው። «የማጥበው እኔ ነኝ።»

አባባ መጽሐፎቹን አውጥቶ ሥዕሎቹን ከድንጋዩ ጋር ሲያስተያይ ሰነበተ። ከአንዱም አልገጠመለትም። ብርቅ ነው አለ፤ ምናልባት ስም ያልወጣለት ሊሆን ይችላል አለ። እናቴ ግን ስም አላጣችለትም። በእሷ አገር እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሁሉ የድንጋይ ሽበት ነው የሚሉት። እኔ ይህን ስሰማ ድንጋዩ እያረጀ መሰለኝ። ሽበት ከሆነ ለምን ነጭ አልሆነም ብዬ ብዙ አሰብኩና፣ ሰው ነጭ ይሸብታል፣ ድንጋይ አረንጓዴ ይሸብታል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ አደይ ግደይን በቅርብ ማየት አበዛሁ፤ ከሻሻቸው ሥር አረንጓዴ ይኖር እንደሆነ።

ዝናብ በጠፋባቸው ቀናት ሞሱን ውሃ ማርከፍከፍ የእኔ ሥራ ሆነ። አባባ የሳልሳ ቆርቆሮ ታችውን በሚስማር በሳስቶ ሰጠኝ። ማፍሰስ የለም፤ ማርከፍከፍ ነው። ውሃው የሚመጣው ከዚያው ከቦኖው ነው። ሞሱ ሲደርቅ ተኮማትሮ ቡናማ ይሆናል፤ የሞተ ይመስላል። ውሃ ሲነካው ዓይኔ እያየ ይፈታና ይለመልማል። ይህን ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልክድም።

አባባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጓሮ ይወስደውና እኔን ይጠራኛል።

«ትርሲት! ሞስ ምን የለውም?»

«ሥር የለውም።»

«ታዲያ በምን ይኖራል?»

«ድንጋዩን ይዞ።»

«ተመልከቱልኝ!» ይላል እንግዶቹን። እንግዶቹ ሞሱን ትተው እኔን ይመለከታሉ። እኔ የሳልሳ ቆርቆሮዬን ይዤ እቆማለሁ።

ወፏ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። መጣች ማለትም አይቻልም፤ ሁልጊዜም ነበረች። ራሷ ጥቁር፣ ሌላው ገላዋ ቡናማ የሆነ፣ ለዓይን ምንም የማትስብ ወፍ ናት። አደይ ግደይ ጭሩ ይሏታል፤ በትግርኛ ትንሽ ወፍ ሁሉ ጭሩ ነው። በግቢያችን እሾሃማ የበለስ ቁልቋል አጥር ላይ ተቀምጣ ጎህ ሲቀድ ትጀምራለች። የበሰለውን በለስ ወግታ ትበላለች፤ ምንቃሯ በጭማቂው ቀልቶ ትዘፍናለች። አባባ «ይቺ ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን በየአጥሩ አለች፤ የሷን ነገር መጻፍ የመንገድ ድንጋይ እንደ መቁጠር ነው» ይል ነበር። ያን ክረምት ግን ወፏ ጎጆዋን ስትሠራ ከሞሱ እየነጨች መውሰድ ጀመረች። ብርቁን ነገር ለመኝታዋ አነጠፈችው። እኔ ድንጋይ አንስቼ ልወረውር ስል አባባ እጄን ያዘ።

«ተያት። የሷ ሥራ ነው።»

ስለዚህ ሥራዬ ሁለት ሆነ፤ ሞሱን ማጠጣትና ወፏን ያለ ድንጋይ ማባረር። ሙሉ ደግሞ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ወፏን በፉጨት ትመልስላታለች። እኔ ሳባርር እሷ ትጠራለች።

ሐምሌ እንደገባ የአባባ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ መጡ። አባባ እታለም ይላቸዋል፤ እኛም ተከትለን እታለም እንላቸዋለን። ባላቸው ሞቷል፤ ልጅ የላቸውም። የመጡት ከእኛ አንዳችንን ወስደው ሊያሳድጉ ነው። ይህ ምስጢር አልነበረም። ልጅ የሌለው ዘመድ የወንድሙን ልጅ መውሰዱ የተለመደ ስለሆነ፣ እየበላን እየጠጣን በፊታችን ይወራል። ያልታወቀው የትኛችን እንደምንሄድ ብቻ ነው።

እኔ መሄድ ፈልጌ ነበር። ምክንያቱን አሁን ስጽፈው ትንሽ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ትንሽ አልነበረም። እታለም በመጡ ማግስት ባልዲ ተሸክሜ ስገባ አይተውኝ «ውይ ልጄን! የኔ ቤት ቧንቧው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ዝም ብሎ መክፈት ነው» አሉ። እኔ ባልዲውን አስቀምጬ፣ በየት በኩል ነው ውሃው ቤት ውስጥ የሚገባው ብዬ ጠየቅሁ። በበር የሚገባ ነበር የመሰለኝ። «በግድግዳ ውስጥ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግድግዳ ውስጥ የሚመጣ ውሃ ሳስብ ነበር የምውለው።

ሙሉ ግን መሄድ አልፈለገችም። ይህንን ነው በክርስትናው ላይ ያልተናገረችው። እታለም ራስ ምታት አለባቸው። ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍረው አስረው፣ ጤና አዳም እያሸተቱ፣ «ጫጫታ አልችልም፤ እኔ ጋ የምትኖር ልጅ ዝምተኛ መሆን አለባት» ይላሉ። ሙሉ ይህን ሰማች። በማግስቱ ከበለሱ አጥር ሥር ያገኘችውን ቆርቆሮ እየደበደበች በሙሉ ድምጿ መዝፈን ጀመረች።

«ምነው ዛሬ?» አልኳት።

«ራሷን እንዲያማት ነው» አለች።

«ማንን?»

«እታለምን። ካመማት አትወስደኝም።» ቆርቆሮዋን ደግማ መታች። «አንቺስ ለምንድነው እንደ ድመት የምትሄጂው?»

«እንድትወስደኝ።»

ሙሉ ሳቀች። «እንግዲያው ተስማምተናል» አለችኝ።

እንዲህ ሆነን ነው ያን ክረምት የያዝነው። እሷ መጮህ፣ እኔ ዝም ማለትና መሥራት። አንዳችን የሌላችንን ፍላጎት እናውቃለን፤ ማንም አልጠየቀንም እንጂ ብንጠየቅ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እታለም እንጀራቸውን ይዘው «እንግዲህ ልጆችህን ንገረኛ፤ የትኛዋ ምን እንደሆነች አባት ነው የሚያውቅ» አሉት። አባባ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይወድ ነበር። እጁን ጠረገ፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ጉሮሮውን አጸዳ።

«ትርሲት እንደ ሞሱ ናት» አለ። «አትናገርም፤ ይዛ ነው የምትኖረው። ብትደርቅም አትሞትም። እንዲህ ያለች ልጅ በየቦታው አትገኝም። ሙሉ ደግሞ ያቺ ወፍ ናት። በየአጥሩ የምትገኝ፣ ተራ ወፍ። ግን አንድ ጠዋት ካልዘፈነች ሰው ቤቱ ባዶ የሆነ ይመስለዋል።»

አረፍተ ነገሩ ይሄ ነው፤ ከነመጨረሻው። ሙሉ ተራ የሚለውን ይዛ የኋለኛውን ጣለችው። እኔም ብርቅ መባሌን ይዤ ሌላውን ጣልኩ። በቤታችን ስኳር በጠፋ ጊዜ ያለችን ትንሽ ስኳር ለእንግዳ ትቀመጥ ነበር፤ ብርቅ ስለሆነች። ስለዚህ ብርቅ የሆነ ነገር የእንግዳ ነው ብዬ ገባኝ። እንግዳዋ እታለም ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ አበባ የምይዘውን ልብስ ለብቻው ማጠፍ ጀመርኩ።

እናቴ ሽሮ ልትጨምር ተነሳች። ሆዷ ገፍቶ ነበር። እኔ የሽሮ ብዛት መስሎኛል።

ፍልሰታ ተፈትቶ አሸንዳ ገባ። ሌላ አገር ላለ፣ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። አሸንዳ የሴት ልጅ በዓል ነው። ልጃገረዶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ አሸንዳ የሚባለውን ረጅም ሳር ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ ይዘፍናሉ። በእነዚያ ቀናት ሴት ልጅን ሥራ የሚያዝ የለም። እናት ልጇን ውሃ አምጪ አትልም፤ አባትም የት ነበርሽ አይላትም። ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

እታለም አይተው አያውቁም ነበር። ከበራችን ላይ ቆመው ከበሮው ሲያልፍ እያዩ «ይሄን ሁሉ ለሴት ልጅ ማን ፈቀደላት? በኛ አገር ቡሄ የወንድ ነው» አሉ።

አደይ ግደይ «እዚህ ሰሞኑን ወንዱ ነው መንገድ የሚለቅ» አሏቸው። «ቆይተው ይዩ፤ ከበው ይይዙዎታል፤ ሳይሰጡ አያልፉም።»

ሙሉ ከአደይ ግደይ የልጅ ልጆች ጋር ጠዋት ወጣች። የእኔም ቀሚስ ተዘርግቶ ነበር። አልለበስኩትም። በልጅነት ጭንቅላቴ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲጫወቱ የምትሠራ ልጅ ከሩቅ ትታያለች ብዬ አሰብኩ። እታለም የሚመርጡኝ ዛሬ ነው አልኩ። ባልዲዬን አንስቼ ወደ ቦኖው ወረድኩ። ቦኖው ባዶ ነበር፤ ሁልጊዜ ሰልፍ ያለበት ቦታ ላይ እኔ ብቻ። የውሃው ድምፅ እስከዚያን ቀን እንደዚያ ጮሆ አያውቅም።

ስመለስ የሰፈሩ ልጆች ከከበሮአቸው ጋር አገኙኝ። ከበቡኝ። እንደ ደንቡ አዋቂ ነው የሚከበበው፤ እኔን ግን ለመቀለድ ከበቡኝ።

«ትርሲት አሮጊት!» አለች አንዷ።

«አሮጊት አይደለችም፣ የቤት ሠራተኛ ናት» አለች ሌላዋ። «ስንት ይከፍሉሻል?»

ሙሉ ከመሃላቸው ነበረች። ሳሩ ወገቧ ላይ፣ ኩሉ በላብ ጉንጯ ላይ ወርዷል። አልተሳለቀችብኝም፤ ይህንን ለእውነት ስል እጽፋለሁ። ግን አላስቆመቻቸውም። ከበሮውን መታች፤ ክቡም ተበትኖ ሄደ።

ግቢ ስገባ አደይ ግደይ ባልዲውን አይተው ደረታቸውን መቱ።

«እዋይ ጓለይ፣ ወይኔ ልጄ! በአሸንዳ ባልዲ? ሰው ምን ይለናል? እዚች ግቢ ውስጥ የእንጀራ እናት አለች ይሉናል!» ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺ፣ ልጅሽን አስለብሺያት እንጂ!»

እናቴ «እኔ አላዘዝኳትም፣ አደይ። ራሷ ናት» አለች።

እውነቷን ነው። ባልዲውን ገለበጥኩና ሌላ አመጣሁ። የእታለምን ነጠላ አጠብኩ። የፋኖሱን ብርጭቆ በአመድ ወለወልኩ። ድስቶቹን በአሸዋ ፈተግኩ። ከበሮው ከኮረብታው ወደ ታች ሲወርድ፣ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ይሰማኛል፤ የሙሉም ድምፅ ከሁሉ ተለይቶ ይሰማኛል። እታለም በሩ ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠዋል። እኔን ያያሉ። አንድ ጊዜ «ይቺ ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ሲሉ ሰማኋቸው። የፈተግኩትን ድስት ደግሜ ፈተግኩ። እናቴም ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። የእታለምን ዓይን እንጂ የእናቴን ዓይን አልቆጠርኩትም።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ፣ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ አባባ «እታለም ሙሉን ይዛ ትሄዳለች» አለ።

ሙሉ የነከሰችውን ዳቦ አልዋጠችም።

«እኔስ?» አልኩ። በአባባ ፊት ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አባባ በፍቅር አየኝ። «አንቺ ብርቅ ነሽ» አለ። «ብርቅ ነገር ከሥሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ይሞታል። ወፍ ግን የትም ትኖራለች።»

«ሞስ ሥር የለውም» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሰማሽ፣ እታለም? ሰማሽ? ሞስ ሥር የለውም አለችኝ! እንዲህ ያለችውን ልጅ ነው ልሰጥ?» ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ከዚያ በኋላ ለስንት ሰው እንደነገረው አላውቅም። ለአስተማሪዎቹ ነገራቸው፤ ለሱቁ ባለቤት ነገረው፤ አደይ ግደይ በትግርኛ ለጎረቤት ነገሩት። ሁሉም ጎበዝ አሉኝ። ጥያቄዬን ግን አንድም የመለሰልኝ የለም። አባቴን የማልምረው በመከልከሉ አይደለም፤ ከልክሎ እንደ ሽልማት ስለሰጠኝ ነው። የተከለከለ ሰው ያለቅሳል። የተመሰገነ ሰው ግን ምን ብሎ ያልቅስ?

ሙሉ ያን ቀን ሮጣ የበለሱ አጥር ውስጥ ገባች። ስትወጣ ክንዷና አንገቷ በበለስ እሾህ ተሞልቷል፤ ያቺ እንደ አቧራ የደቀቀች እሾህ፣ በዓይን የማትታይ፣ በቆዳ የምትሰማ። እናቴ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ስትለቅምላት እኔ ክንዷን ይዤ ነበር። ሙሉ እየጮኸች «ዘፍኛለሁ እኮ! ሁልጊዜ ዘፍኛለሁ እኮ!» ትላለች። እናቴ የእሾሁ ሕመም መሰላት። ሙሉ ያለችው የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሐምሌ ከእንዳ ኢየሱስ ድንጋይ ፊት ስታለቅስ፣ ያን ጩኸት ታስታውስ እንደሆነ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ተውኩት።

በሄዱበት ጠዋት ሁላችንም አውቶቡስ ተራ ወረድን። ጭቃ ነበር፤ አባባ ሻንጣውን በራሱ ተሸክሟል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ከኮቱ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ። ክዳኑን ከፈተና ለእታለም አሳያቸው። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሞስ ነው፤ ግማሹን ከድንጋዩ ልጦ አምጥቶታል። ዩኒቨርሲቲ ለሚያውቀው ሰው እንዲያሳዩለት፣ መንገድ ላይ እየከፈቱ ውሃ እንዲያርከፈክፉለት አደራ አለ። እታለም ቆርቆሮውን ለሙሉ ጉልበቷ ላይ አስቀመጡላት። ሙሉ በመስኮት እኔን አየችኝ፤ እኔ ቆርቆሮውን አየሁ። አውቶቡሱ ሄደ። አባባም በዚያው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ ይጠብቁታል።

እኔና እናቴ ኮረብታውን ወጣን። እሷ ቶሎ ቶሎ ትቆማለች፤ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አኩርፈሻል» አለች።

የጫማዬን ጭቃ በድንጋይ መፋቅ ጀመርኩ።

«አባትሽ የሚለውን ተይው። ሞስ ነሽ፣ ብርቅ ነሽ፣ እሱ ወሬ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እታለም የጠየቁት አንቺን ነው።»

«እኔን?»

«በአሸንዳ ስትሠሪ አይተው። ‹ያቺን ዝምተኛዋን ስጡኝ፤ ይቺኛዋማ ራሴን ልታፈነዳው ነው› አሉ። አባትሽ እሺ ሊል ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።» ሆዷን አሳየችኝ። «ጥቅምት ላይ እወልዳለሁ። ሙሉ ብትቀር ልጅ ነው የማሳድገው፤ አንቺ ስትቀሪ ግን ሰው አለኝ። በአሸንዳ ቀን ያን ሁሉ ስትሠሪ እኔም አይቼሻለሁ። የምትሠራዋን ማን ይሰጣል?»

ስትናገር አላባበለችኝም፤ ድምጿም ከፍ ዝቅ አላለም። ከአባባ ምስጋና ሁሉ ይልቅ ይህ ቀለለኝ። ቢያንስ ምክንያት ነው።

«ለእህትሽ ይህን እንዳትነግሪያት» አለች ስንነሳ። «ተመርጬ ሄድኩ ብላ ትመን። ሰው ቤት ስትኖር የሚያኖራት እሱ ነው።»

እሺ አልኳት። እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ አባባም እታለምም የሉም፤ እኔም እሺ ያልኩትን እስካሁን ጠብቄያለሁ። እናቴ ዝም በይ ያለችኝ ሙሉ ተመርጬ ሄድኩ ብላ እንድትኖር ነበር። ሙሉ ግን ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችው ተራ ብለው ጣሉኝ እያለች ነው፤ ያውም በእኔ ቤት፣ በእኔ ድግስ፣ በእንግዶቼ ፊት። ስለዚህ ዝምታዬ ለማንም አልጠቀመም። አልጣሏትም። አልመረጧትም። የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷ የሄደችው በእኔ ቦታ ነው።

ይህንን ጽሑፍ እኔ አልልክላትም። ማንበብ ትወዳለች፤ ከታተመ ይደርሳታል።